የሳሊና አንደኛ ምርጫ

ረቡዕ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ መቀሌ ሓድነት ሰፈር ካለው የቅጥር ጽሕፈት ቤት ጀርባ፣ ተጀምሮ የቀረ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ የሚጠብቁ ሽማግሌ ደረጃው ሥር አንዲት ወጣት ወድቃ አገኙ። ከጆሮዋ በላይ የፈሰሰው ደም ሲሚንቶው ላይ መርጋት ጀምሯል። ጎንበስ ብለው ሲያዳምጡ ትተነፍሳለች። ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሷትና መንገድ ወጥተው ሰው ጠሩ።

ኢንስፔክተር ለተመድህን ስትደርስ ልጅቷን አምቡላንስ ወስዷታል። ለተመድህን በወንጀል ምርመራ ክፍል አሥራ ስምንት ዓመት አገልግላለች። የሞተ ሰው ብዙ አይታለች፤ በሞትና በሕይወት መካከል ያለ ሰው ግን ይበልጥ ያስጨንቃታል። የሞተው አይቸኩልም።

ረዳቷ ሳጅን ሃይለ ቀድሟት ደርሶ ደረጃውን እየለካ ነበር።

«ስሟ ሳሊና ነው» አላት። «ሃያ ስድስት ዓመቷ። የወደቀችው ከሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ነው፤ መደገፊያ የለውም። ስልኳ ኪሷ ውስጥ አለ፣ የጆሮ ወርቋም አልተነካም። የጠፋው የሰነድ ማህደሯ ብቻ ነው። ዲግሪዋ፣ የመውጫ ፈተና ውጤቷ፣ የልደት ካርዷ፣ ሁሉም ኦሪጅናሉ እዚያ ውስጥ ነበር።»

«መኖሩን በምን አወቅህ?»

«ሰልፈኞቹ ነገሩኝ። ሰማያዊ ማህደር ነው፤ እንደ ሕፃን አቅፋው ነበር አሉ።»

ሰልፈኞቹ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተኮልኩለዋል። በመንግሥት የቅጥር ፈተና ያለፉ ናቸው። ውጤቱ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተለጠፈ፤ ያለፈ ሁሉ ከረቡዕ ጠዋት እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ኦሪጅናል ሰነዱን ይዞ ሪፖርት እንዲያደርግ ታዘዘ። በዚያ ሰዓት ያልቀረበ ይሰረዛል፣ ቦታውም ለተጠባባቂ ይሰጣል። ሳሊና ለመሬት አስተዳደር ባለሙያነት ከተወዳደሩት አንደኛ ወጥታለች። ማን የት እንደተመደበ ግን ሰሌዳው ላይ የለም፤ እያንዳንዱ ቦታውን የሚያውቀው ደብዳቤውን ሲቀበል ነው።

ለተመድህን አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ነፋሱ ብርቱ ስለነበር ሁሉም ስሙን በተራ ወረቀት ላይ አስፍሮ ግድግዳ ለግድግዳ ይጠለል ነበር። ማን መቼ ወጣ፣ ማን መቼ ተመለሰ፣ እርግጠኛ የሆነ ሰው የለም። በተራው ወረቀት ላይ ከሳሊና በፊት የተጻፈው ሃፍታይ የሚባል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ወጣት ነው። እሱም በዚያው ሙያ ያለፈ ነው።

«ፎቶ ኮፒ ላነሣ ብላ አሥራ ሁለት ተኩል አካባቢ ሄደች» አለ። «ተራዬን ጠብቅልኝ አለችኝ።»

«ከማን ጋር ሄደች?»

«ብቻዋን።»

«የተጣላት ሰው ነበር?»

ሃፍታይ መሬት መሬት አየ። «ትናንት ሰሌዳው ጋ ከጎደፋ ጋር ተጨቃጭቀው ነበር። ስድስተኛ የወጣው ልጅ ነው፤ ለሴት የሚጨመረው ነጥብ ባይኖር እኔ እገባ ነበር አላት። በከንቱ ነው የተናደደባት። እሷ እንኳ የከተማ ቦታ አልፈለገችም።»

ለተመድህን «ጎደፋ» ብላ ጻፈችና ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

*

የሳሊና እናት ወይዘሮ ሰርካዲስ በሆስፒታሉ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፤ መቀሌ ያመጣቸው ትዳር ነው። ሾፌር ባላቸው ከሞተ በኋላ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፉ አንድ ልጃቸውን አሳደጉ። ጣታቸው ላይ የስፌት ቀለበቱ እንዳለ ነው፤ ከስፌት መኪናው ተነሥተው ነው የሮጡት።

«አልነቃችም» አሉ። «ሐኪሙ ነገ ይታያል አለኝ።»

«ጠላት ነበራት፣ ወይዘሮ ሰርካዲስ?»

«የኔ እህት፣ ልጄ ሦስት ዓመት ሥራ ፍለጋ ስትዞር ጠላት የምታፈራበት ጊዜ አላገኘችም።»

«የት ለመመደብ ነበር የሞላችው?»

«እዚሁ መቀሌ ነዋ። ከእኔ አትርቅም። እንደዚያ ብላኛለች።» የስፌት ቀለበቱን ጣታቸው ላይ አዞሩት። «ዓርብ ይዘጋል አሉኝ። ነቅታ ቦታዋ ለሌላ ተሰጥቶ ብታገኝስ? ሐኪሙ ስለ ጭንቅላቷ ይነግረኛል፣ እኔ ስለ ዓርብ አስባለሁ። እኔ ምን ዓይነት እናት ነኝ?»

ለተመድህንም ከጠዋት ጀምሮ የምታስበው ስለ ዓርብ ነው። ያጠቃት ሰው ይዘገያል እንጂ ይያዛል። ዓርብ ግን ካለፈ አለፈ።

*

ጎደፋን ከሰዓት በኋላ ከቤቱ አመጡት። ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ነገር ቶሎ የሚገነፍልበት ወጣት ነው። የቀኝ መዳፉ ተልጧል።

«ዛሬ ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ቤተ ክርስቲያን። ኪዳን ሳደርስ።»

«ማን አየህ?»

«እግዚአብሔር።»

«ሌላ ምስክር ጥራ።»

ጎደፋ ወደ በሩ አየ።

«እጅህን ምን አደረገህ?»

«በር ያዘኝ።»

«የምን በር?»

እጁን ከጠረጴዛው ሥር ከተተ። ሳጅን ሃይለ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዶ ጠየቀ፤ አስተናባሪዎቹም ዲያቆኑም አላየነውም አሉ። የጎረቤት ሴት ደግሞ ጎደፋ በየቀኑ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከቤት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚሄድ ግን እናቱም እንደማያውቁ ተናገረች።

የለተመድህን አለቃ ነገሩ በአንድ ቀን እልባት በማግኘቱ ደስ ብሎታል። «ሳሊና ካልቀረበች የሚገባው ስድስተኛው ነው። ሰሌዳው ጋ ዝቶባታል። የነበረበትን ቦታ ዋሽቷል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ሲዋሽ አላፈረም፤ እውነቱን ለመናገር ነው ያፈረው» አለች ለተመድህን። «የወንጀለኛ ሳይሆን የተዋረደ ሰው ዓይን ነው ያለው።»

«ዓይን ማስረጃ አይሆንም።»

እውነቱን ነው። ለተመድህን የማቆያ ወረቀቱን ፈረመች። ሲዘጋበት ጎደፋ በፍርግርጉ በኩል «ሰው የሚሰረዝ ከሆነ ዓርብ ተጠባባቂ ይጠራል» አላት። «ስልኬ እናንተ ጋ ነው። ቢደውሉልኝ ማን ያነሣል?»

ያ ጥያቄ ቤቷ ድረስ ተከተላት። እራት አልበላችም።

*

ሐሙስ ረፋድ ላይ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ካለ አንድ ቤተ ክርስቲያን የመጡ ዘበኛ ሰማያዊ ማህደር ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡ። ጠዋት በሩን ሲከፍቱ ከደጀ ሰላሙ ወንበር ላይ አገኙት። ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ተጠቅልሏል።

ሃይለ ሰነዶቹን አንድ በአንድ ዘረጋቸው። ዲግሪው አለ። የመውጫ ፈተናው ውጤት አለ። የልደት ካርዱ፣ አራቱ ጉርድ ፎቶዎች፣ ሁሉም አለ።

«ግራ የሚገባ ሌባ ነው» አለ ሃይለ።

«ጎደፋ ትናንት የት አደረ?»

«እኛ ጋ።»

«እንግዲያው እሱ አላመጣውም።» ለተመድህን የሰዓቷን ማሰሪያ እያላላች ታጠብቅ ጀመረች። «ነገሩን አስበው። ጎደፋ የሚጠቀመው ሳሊና ሪፖርት ሳታደርግ ስትቀር ነው። ይህን ማህደር ዓርብ ሳይደርስ የመለሰ ሰው ግን ሪፖርት እንድታደርግ ነው የፈለገው።»

«ወይም ጸጸት ያዘው።»

«ወይም ሁለቱም።»

አለቃዋ ግን ግብረ አበር አለው ብሎ ጎደፋን አልለቅም አለ። ሆስፒታል ደወለች፤ ሳሊና አልነቃችም። ሐሙስ በዚህ ዓይነት መሸ።

*

ዓርብ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ለተመድህን ማህደሩን ይዛ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። የምደባው ኃላፊ አቶ ሔሩይ ታመነ ይባላሉ፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ በወረቀት መካከል ያረጁ ሰው ናቸው። ሰነዶቹን ቆጥረው ቆጥረው ቆሙ።

«የምርጫ ቅጹ ቀሪስ?»

«የምን ቀሪ?»

«ተወዳዳሪ ሁሉ የት መመደብ እንደሚፈልግ ሦስት ቦታ በቅደም ተከተል ይሞላል። ዋናው እዚህ ይቀራል፣ ካርቦን ቅጂውን እሱ ይወስዳል። ሪፖርት ሲያደርግ ይዞት መምጣት አለበት። የሳሊና የለም።»

ለተመድህን ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። ሌባው ዲግሪ መልሶ አንዲት ስስ ወረቀት አስቀርቷል።

«አቶ ሔሩይ፣ ይህ ምደባ እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቅ ሰው እንደሚያስረዱ አድርገው ይንገሩኝ።»

አቶ ሔሩይ አንድ ወረቀት ቀደው አምስት ብጣሽ አደረጉና ደረደሩት። «ለዚህ ሙያ ያሉን አምስት ቦታዎች ናቸው። ሦስቱ መቀሌ፣ አንዱ ዓዲግራት፣ አንዱ ራቅ ያለችው ትንሿ ኣብዪ ዓዲ። ተወዳዳሪዎቹን በውጤታቸው ከላይ ወደ ታች እንደረድራለን። አንደኛ የወጣው የፈለገውን ያነሣል። ሁለተኛው ከቀረው ይመርጣል፤ የፈለገው ከተወሰደ ወደ ሁለተኛ ምርጫው ይወርዳል። እንዲህ እያለ እስከ አምስተኛው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ዝውውር የለም።»

«አንደኛዋ ሳሊና ናት።»

«በግማሽ ነጥብ። የት የሄደች ይመስልዎታል?»

«መቀሌ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያስበው።» ለተመድህን ያመጣችላቸውን የፖሊስ ደብዳቤ አንዴ ደግመው አነበቡና ካቢኔያቸውን ከፍተው የታሸገውን ፖስታ ቀደዱ። የሳሊናን ቅጽ አወጡ። አንደኛ ምርጫ በሚለው ትይዩ በጥንቃቄ የተጻፈው «ኣብዪ ዓዲ» ነው።

«ቅጹን ስታስገባ ተሳስተሽ እንዳይሆን ብያት ነበር» አሉ። «አልተሳሳትኩም አለችኝ። እዚያ ያለው ጽሕፈት ቤት ለባለሙያ መኖሪያ ቤት ይሰጣል። እናቴ ሃያ ዓመት በኪራይ ቤት ኖራለች፣ ደብዳቤውን እስክይዝ ድረስ ግን አልነግራትም አለች።»

«በግማሽ ነጥብ ሁለተኛ የሆነውስ ማን ነው?»

አቶ ሔሩይ ሌላ ቅጽ አወጡ። ሃፍታይ። አንደኛ ምርጫ ኣብዪ ዓዲ፤ ሁለተኛ መቀሌ። «እሱ መቀሌ ደረሰው» አሉ። «ረቡዕ ደብዳቤውን ሰጠሁት። አነበበውና መልሶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። እስከ ዓርብ ያቆዩልኝ አለ። አሥራ አንድ ዓመት ደብዳቤ ሳድል የመቀሌን ደብዳቤ ሳይፈርም የወጣ ሰው አላየሁም።»

ለተመድህን ማስታወሻዋን ወደ ኋላ ገለጠች። «እሷ እንኳ የከተማ ቦታ አልፈለገችም።» የወለደቻት እናት ያላወቀችውን ነገር ሃፍታይ ረቡዕ ጠዋት ያውቅ ነበር።

«ሳሊና ዛሬ ባትቀርብ ምን ይሆናል?»

«አሥራ አንድ ተኩል ላይ እሰርዛታለሁ። ከዚያ ቦታዎቹ ይሸጋሸጋሉ። ኣብዪ ዓዲ ለሃፍታይ ይሄዳል፣ የእሱ የመቀሌ ቦታ ለጎደፋ።» ትንሽ አሰቡ። «ያ ጎደፋ ደህና ልጅ ነው። ረቡዕ ወደ ሥራ ስመጣ በሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሮማናት፣ ሮማናት እያለ ሰው ይጠራል። ሰላም ስለው እንዳላየ ሆነ።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ለአንድ ሩብ ጉዳይ። ለምን?»

የተላጠው መዳፍ፣ ያፈረው ዓይን፣ እናቱ የማያውቁት የጠዋት መንገድ። ጎደፋ ዲግሪውን ደብቆ የታክሲ ረዳት ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ያን ከመናገር መታሰርን መረጠ። ለተመድህን ማስታወሻዋ ላይ ሁለት ጊዜ ያሰመረችበትን ስም ሰረዘችው።

«ሃፍታይ የት ይገኛል?»

«ሩቅ አይሂዱ» አሉ አቶ ሔሩይ። «ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ነው የተቀመጠው።»

*

አግዳሚው ላይ ነበር። ሲያያት ተነሣ፤ የመጣችበትን ሳትነግረው የገባው ይመስላል። ሳጅን ሃይለ ባዶ ቢሮ አስከፈተ፣ ሦስቱም ተቀመጡ።

«ሃፍታይ፣ ቀዳማይ ወያነ ዘመድ አለህ?»

«አክስቴ ናት። እሷ ጋ ነው ያረፍኩት።»

«የምርጫ ቅጹን ቀሪ ምን አደረግከው?»

ከውጭ ሰልፈኞቹ ሲያወሩ ይሰማል።

«ቀደድኩት» አለ። «ኣብዪ ዓዲ መሙላቷን የሚያውቅ እንዳይኖር።»

«ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

«ሰልፉ ላይ ነው የነገረችኝ። የት ሞላህ አለችኝ፣ ነገርኳት። ሳቀች፤ እኔም እኮ አለች። ግማሽ ነጥብ ትበልጠኛለች። በዚያች ሰዓት ቦታው የእሷ መሆኑን አወቅኩ።» አፉ ደርቆ ከንፈሩን ላሰ። «ደብዳቤ ሳይወጣ ሁለት ሰዎች ከተስማሙ መለዋወጥ ይቻላል። ሰው በሌለበት ልለምናት ብዬ ወደ ሕንፃው ይዣት ሄድኩ።»

«ምን አልካት?»

«ኣብዪ ዓዲ ያለችው እናቴ፣ ኣደይ፣ ዓይኗ አያይም አልኳት። ከሦስት ልጆች የቀረሁላት እኔ ብቻ ነኝ። ጎረቤት ነው የሚያበላት። መቀሌ ሁለት ዓመት ከታሰርኩ አላገኛትም። እሷም ስለ እናቷና ስለ ኪራይ ቤቱ ነገረችኝ። ሁለታችንም ስለ እናቶቻችን እየተከራከርን ደረጃው ላይ ቆምን። ከዚያ አይሆንም፣ ይቅርታ አለችና ልትወርድ ዞረች።»

«ቀጥል።»

«ማህደሩን ያዝኩት። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። እንዳትሄድብኝ ነው። ሳበችው፣ እኔም ሳብኩት። እጄ ላይ ቀረ። እሷ ወደ ኋላ ሄደች።»

ሃይለ መጻፉን አቆመ።

«ስትወድቅ አይተሃል» አለች ለተመድህን። «ሰው ለምን አልጠራህም?»

ሃፍታይ እጆቹን ተመለከተ።

«ወደ ሰልፉ ተመለስኩ» አለ። «ተራዬ እንዳያልፈኝ።»

ከዚያ ሳይጠየቅ ቀጠለ።

«የሞተች መስሎኝ ነበር። በሕይወት አለች ሲሉኝ ማህደሩን መያዝ አቃተኝ። መልሼ ደግሞ መጥቼ ደጅ ተቀመጥኩ፤ ትሰረዝ እንደሆነ ለማየት። ሁለቱንም ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ ማህደሯን መለስኩ፣ ዓርብ መሰረዟን ጠበቅኩ።» ቀና አለ። «እናቴን ማን ይነግራታል?»

*

ሃይለ ሃፍታይን ይዞ ሲሄድ ሰዓቱ ስምንት አልፎ ነበር። ለተመድህን ስልኳን አወጣች። ወይዘሮ ሰርካዲስ ሲያነሡ እያለቀሱ ነው።

«ነቃች» አሉ። «ውኃ ጠየቀችኝ። ከዚያ ዛሬ ምን ቀን ነው አለችኝ።»

ደንቡ በአካል ወይም በሕጋዊ ወኪል ይላል። ታማሚ ከሆነ የሐኪም ማስረጃና በሁለት ምስክር ፊት የተፈረመ ውክልና ይበቃል፣ በተቀደደው ቀሪ ፋንታም ዋናውን ቅጽ አያለሁ አሉ አቶ ሔሩይ። ለተመድህን ሐኪሙን ከቀዶ ሕክምና በር ላይ ጠብቃ ማስረጃውን አጻፈች። ሳሊና ትራስ ላይ ተደግፋ፣ ጭንቅላቷ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ስሟን ስትጽፍ ብዕሩ ሁለት ጊዜ ከእጇ ወደቀ። ለእናቷ የት እንደሞላችም ያን ጊዜ ነገረቻቸው። እናቲቱ የተቆጡ አልመሰሉም፤ የልጃቸውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ለተመድህን የጎደፋን ክፍል አስከፈተች።

«ነጻ ነህ። የሃፍታይ ቦታ ተለቋል፤ የአንተ ነው። አርባ አምስት ደቂቃ አለህ።»

ጎደፋ አልተነሣም። «ሪፖርት ለማድረግ ከወንጀል ነጻ የሚል የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልጋል» አለ። «እናንተ ሁለት ቀን አስራችሁኛል።»

«እኔ እጽፍልሃለሁ።»

«ሌላም ጻፉልኝ። በስህተት ታስሮ ነበር የሚል። ማኅተም ያለበት።» ያን ጊዜ ተነሣ። «ሰፈሩ ሁሉ በፖሊስ መኪና ስወሰድ አይቷል።»

አለቃዋ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፈን አናውቅም አለ። ለተመድህን ቆማ ጻፈችው፣ ቆማ አስፈረመችው፣ ማኅተሙንም ራሷ መታች። ከዚያ በፖሊሱ መኪና ጎደፋን ከፊት አስቀምጣ ከሆስፒታል ወይዘሮ ሰርካዲስን አነሣች። የሮማናት አደባባይ በታክሲ ተጨናንቆ ለአሥር ደቂቃ ያህል አላንቀሳቅስ አላቸው። ሦስቱም የመኪናውን ሰዓት ያያሉ።

አቶ ሔሩይ የመዝገቡን ቁልፍ በእጃቸው ይዘው ነበር። ወይዘሮ ሰርካዲስ በልጃቸው ስም ፈረሙ። ጎደፋ በራሱ ስም ፈረመ። አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ስድስት ነበር።

*

ቅዳሜ ለተመድህንና ሃይለ ወደ ኣብዪ ዓዲ ወረዱ። ሌላ ሰው መላክ ይቻል ነበር። አለቃዋም ይህን ብሏት ነበር።

ቤቱ ከገበያው በላይ፣ የድንጋይ አጥር ያለው አንድ ክፍል ነው። ጎረቤቲቱ በሩን ከፍታ ወደ ውስጥ አመለከተቻቸው። የሃፍታይ እናት መደብ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። የእግር ኮቴ ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ።

«ሃፍታይ ነህ?»

«አይደለም፣ ኣደይ። ለተመድህን እባላለሁ። ከመቀሌ ነው የመጣሁት።»

«ከመቀሌ? ከመሥሪያ ቤቱ ነሽ?» ፊታቸው በራ። «ምደባው ወጣ እንዴ?»

«ወጥቷል።»

«የት ደረሰው?»

ለተመድህን ሃይለን አየችው። ሃይለ መሬት እያየ ነው።

«መቀሌ» አለች።

አሮጊቷ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«ተመስገን» አሉ። «እሱ እዚህ እሆናለሁ እያለ ሲያስጨንቀኝ ከረመ። እኔን ሲጠብቅ ዕድሜው እንዳያልቅ ከተማ ይድረሰው ብዬ ሱባዔ ያዝኩ። ይቆጣኛል ብዬ አልነገርኩትም። ጓለይ፣ ልጄ፣ አንቺም እንዳትነግሪው።»

ለተመድህን ከመደቡ ጫፍ ተቀመጠች። እጃቸውን ያዘች፤ ቀላልና ሞቃት ነበር። ከመቀሌ ጀምሮ በመንገድ ሁሉ ያዘጋጀችው ንግግር ጠፋባት።

«ኣደይ» አለች፣ «ገና ያልጨረስኩልዎት ነገር አለ።»